ጭሱም ከጓዳችን፣ መፍትሔውም ከጓዳችን

ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ የጎጃምን መንገድ የያዘ ሰው ሱሉልታን የሚያስታውሳት በሣሯና በብርዷ ነው። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሲጠነክር፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ማጭድ ይገባበታል። ድርቆሹ ተከምሮ ይቆይና በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ላም አርቢዎች ይሄዳል፤ ወተቱም በየማለዳው ያንኑ መንገድ ይከተላል። ስለ ሣሩና ስለ ወተቱ ብዙ ይወራል። ማለዳና ማታ ከየጓዳው ወጥቶ ከጣሪያ በላይ ስለሚንሳፈፈው ጭስ ግን የሚያወራ የለም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ጭስ ነው።

የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ እናቴም ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ትልቋ ልጄ ባለፈው ወር አንድ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። “የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት ቤተሰባችሁ ምን ማድረግ ይችላል?” ይላል። እናቴ ቡና እየቆላች ሰማችና “እኛ ፋብሪካ የለን፣ መኪና የለን፤ ምን አጥፍተን ነው የምንጠየቀው?” አለች። ልጄ መልስ አጥታ ወደ እኔ ዞረች። የእናቴ ጥያቄ በብዙ አያቶችና ወላጆች ልብ ውስጥ ያለ ስለመሰለኝ፣ መልሱን ለልጄ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ላካፍላችሁ ፈለግሁ።

እውነት ግን እኛ ምን አጠፋን?

እናቴ ተሳስታለች ማለት አይቻልም። መላው ዓለም በየዓመቱ ወደ አየር ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ጋዞቹ የሚሠሩትን ሥራ ለልጆች ለማስረዳት የሱሉልታን ብርድ መጠቀም ይቻላል። በሌሊት የምንደርበው ጋቢ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ የሰውነታችንን ሙቀት ይዞ ያስቀራል እንጂ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሜቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ የተባሉት ጋዞችም ለምድር እንዲሁ ናቸው። አንድ ጋቢ ደግ ነው፤ ያለ እሱ ምድር በረዶ በሆነች ነበር። ችግሩ የሰው ልጅ በጋቢው ላይ ጋቢ እየደረበ መሄዱ ነው።

ታዲያ የእኛ ጋቢ ከምን ተሠራ? መንግሥት በ2004 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ይህንን ቆጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የሀገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ነገሮች እንደነበሩ ከቀጠሉ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተገመተ፤ ግቡ ደግሞ ኢኮኖሚው እያደገ ልቀቱ ከነበረበት እንዳያልፍ ማድረግ ሆነ። አገራችን በ2013 ዓ.ም ያደሰችው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሚጠበቀው ልቀት 68.8 በመቶውን ለመቀነስ ያስባል፤ አብዛኛው ግን የውጭ ድጋፍ ሲገኝ የሚፈጸም ነው።

ለእናቴ የገረማት ግን ድምሩ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው። ከ150ው ሚሊዮን 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ የመጣው ከከብቶች፣ 55 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ከደን መመናመን ነው። የደኑ ጉዳት ግማሽ ያህሉ ለእርሻ ሲባል ከመመንጠር፣ ከቀሪው አብዛኛው ደግሞ ከማገዶ የመጣ ነበር። ትራንስፖርትም ኢንዱስትሪም እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በሌላው ዓለም የፋብሪካና የመኪና ጉዳይ የሆነው ነገር በእኛ ዘንድ የጋጣና የጉልቻ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ሱሉልታ ደግሞ ጋጣውም ጉልቻውም ያላት ከተማ ናት።

ምጣዱ

ከአሥር ኢትዮጵያውያን ዘጠኙ ያህል ዛሬም የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በቅጠል ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ደግሞ እንጀራ መጋገር ነው፤ ከቤት ማገዶ ግማሹንና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

በሦስት ጉልቻ ላይ የተቀመጠ ምጣድ አብዛኛውን ሙቀት ለጓዳው አየር ይሰጠዋል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ጋገራ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል፣ በሳምንትም ሁለት ጊዜ ይጋግራል ብለን እናስላ። በዓመት 1,040 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ 1.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ በእንጀራ ብቻ ከ1,700 ኪሎ በላይ ጋዝ ከጓዳችን ይወጣል። ዛፉ ተመልሶ ከበቀለ ካርቦኑን መልሶ ይወስደዋል፤ ካልበቀለ ግን እዚያው አየር ላይ ይቀራል። ጥላሸቱንና በደንብ ካልነደደ እንጨት የሚወጣውን ሜቴን ግን የበቀለ ዛፍም አይመልሰውም።

የጭሱ ጉዳት ከአየር ንብረቱ በፊት የሚያርፈው ሳንባ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይናገራል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ጭስ ባለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ሊሆን ይቃረባል። ልጅ አዝላ እሳት የምታነድ እናት ሁሉ ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል። እናቴ አምስት ልጆቿን አዝላ ጋግራለች፤ ዛሬ ጠዋት ጠዋት የሚያፍናት ሳል ከዚያ የተረፈ ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። መብራት ላለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀዳሚው ነው። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ስለሆነ የምጣዱ ልቀት ከእንጨቱ ጋር አይወዳደርም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ለዚህ ተጨማሪ ጉልበት ነው። ብዙ ቤት ዘንድ ምጣዱ ዕዳ መስሎ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በአጠቃቀም ነው። ሁሉን እንጀራ በአንድ ጊዜ አከታትሎ መጋገር፣ ምሽት ኃይል ከሚደክምበት ሰዓት ይልቅ ረፋድ ላይ መጋገር፣ አክንባሎው በደንብ እንዲገጥም ማድረግ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በያዘው ሙቀት ማውጣት ቆጣሪው ላይ ለውጥ ያመጣል።

መብራት ለሌለው ወይም ለሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ምርጥ ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ይህ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ምጣዱ ሥር ያውለዋል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ባሰላነው ሒሳብ በዓመት 520 ኪሎ እንጨት ተረፈ ማለት ነው። ገዝቶ ለሚያነድ ሰው ገንዘብ ነው፤ ለቅማ ለምታመጣ እናት ደግሞ ጀርባዋ ነው። እንጨቱን አስቀድሞ ቀጭን ፍልጥ አድርጎ ከዝናብ ጠብቆ ማድረቅም ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ ነው፤ እርጥብ እንጨት ጉልበቱን የሚጨርሰው ውኃውን በማትነን ነው።

እኛ ቤት ክርክሩ በጣዕም ላይ ነበር። እናቴ “የመብራት እንጀራ ዓይኑ አያምርም” ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ የሳምንቱን ሥራ፣ የልጆቹን ጓዳ ለጓዳ መሯሯጥና የእናቴን ሳል ትቆጥራለች። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ደረስን፤ የዘወትሩ እንጀራ በመብራት፣ የበዓልና የድግሱ በእናቴ እጅ፣ ከቤት ተለይቶ ጭስ ማውጫ በተሠራለት ጓዳ ውስጥ በምርጥ ምድጃ። ማንም አልተሸነፈም፤ የእንጨት ግዢያችን ግን ቀነሰ።

ስለ ወጡም አንድ ነገር ልጨምር። ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ከማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ቶሎ ይበስላል። ክዳን ያለው ድስትና፣ አቅም ካለ ፕሬዠር፣ ማገዶ ይቆጥባሉ።

ከሰሉና የሱሉልታ ሌሊት

ከሰል ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። ጭሱ ግን የተነሳው ሌላ ቦታ ነው። በአፈር ተሸፍኖ በልማድ በሚከሰልበት መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። በር ላይ የምንገዛው 30 ኪሎ የሚሆን አንድ ማዳበሪያ ከሰል ቢያንስ 150 ኪሎ እንጨት ነበር ማለት ነው። ብዙው ከሰል የሚመጣው እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ ከሚያቆጠቁጥ ተክል ሳይሆን ከቆላው ግራር ነው፤ ግራሩ ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ከሰል የማይቀርበት ቤት ውስጡ ሸክላ የሆነውን ላቀች ምድጃ ቢጠቀም ከቆርቆሮው ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ይቆጥባል።

ለወላጆች ግን ከቁጠባው የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ አመዳይ ይጥላል። ብዙ ቤተሰብ ማታ የተያያዘ ከሰል ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ይዘጋል። ከሰሉ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎ የተኛን ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ምልክቶቹ ናቸው፤ እንዲህ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ አየር መውጣት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። “ደህና የቀላ ከሰል አይጎዳም” የሚባለው እውነት አይደለም፤ የቀላው ከሰልም ጋዙን ይለቃል።

ላሟስ?

እንግዲህ 65 ሚሊዮኑ ቶን ጋር ደረስን። ላም የበላችውን ሣር በሆዷ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ሲያብላሉት ሜቴን ይፈጠራል፤ እያገሳች ታስወጣዋለች። ሜቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ሙቀት ይይዛል። አንድ ላም በዓመት 50 ኪሎ ሜቴን ብትለቅ 1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው፤ 600 ሊትር ያህል ቤንዚን እንደማቃጠል ማለት ነው። ደግነቱ ሜቴን አየር ላይ የሚቆየው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ከቀነስነው ልጆቻችን ገና ወጣት ሳሉ ውጤቱን ያያሉ።

ይህን ለጎረቤቴ ለላም አርቢው ስነግራቸው “ታዲያ ላሞቼን ልሽጥ ነው?” ብለው ሳቁ። አይደለም። ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት ያላት፣ በአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናት፤ ወተት ደግሞ ለልጆቻችን ገና አልበቃም። መፍትሔው ከአንዲት ላም የሚገኘውን ወተት መጨመር ነው። በቀን 2 ሊትር ለ200 ቀን የምትታለብ የአገር ላም በዓመት 400 ሊትር ትሰጣለች። በቀን 10 ሊትር ለ300 ቀን የምትታለብ ዲቃላ ላም 3,000 ሊትር ትሰጣለች። ዲቃላዋ ሜቴኗ እጥፍ እንኳ ቢሆን፣ በአንድ ሊትር ወተት ስናካፍለው የአገሪቱ ላም 3.5 ኪሎ፣ የዲቃላዋ ግን ከ1 ኪሎ በታች ይሆናል። ጥቂት፣ ጤነኛና በደንብ የተመገቡ ላሞች ከብዙ የከሱ ላሞች ይሻላሉ፤ ለኪስም ለሰማይም።

እዚህ ላይ ሱሉልታ የምትታወቅበት ድርቆሽ ይመጣል። ሣር ሊያብብ ሲል ቢታጨድ ምግብነቱ ከፍ ያለ ነው። ዘሩ ረግፎ ቢጫ እስኪሆን ከተጠበቀ ብዛቱ ቢጨምርም እንጨት እየሆነ ይሄዳል፤ ላሟ ለማብላላት ትደክማለች፣ ሜቴኑ ይበዛል፣ ወተቱ ይቀንሳል። ብዙዎቻችን ዝናቡ ሙሉ በሙሉ እስኪያቆም ብለን እናዘገያለን። ምክንያቱ ይገባል፤ የረጠበ ድርቆሽ ይሻግታል። ቢያንስ ከሜዳው ደረቅ የሆነውን ክፍል ቀድሞ አጭዶ ለወላድና ለሚታለቡ ላሞች መለየት ግን ይቻላል። በጭድ ላይ ብቻ የሚያበሉ ደግሞ ጭዱን በዩሪያ ማከም የሚቻልበትን መንገድ የእንስሳት ባለሙያ ቢጠይቁ ይጠቀማሉ፤ መጠኑ ከበዛ ስለሚመርዝ ግን ያለ ባለሙያ አይሞከርም።

እበት ማገዶ ነው ወይስ ማዳበሪያ?

በእኛ አካባቢ እበት ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ኩበቱ ይሸጣል ወይም ይነዳል። ከተቃጠለ ግን የመሬቱ ምግብ አብሮ ይነዳል፤ ያንኑ ጉድለት ለመሙላት ገበሬው በውድ ዋጋ ማዳበሪያ ይገዛል።

ሁለቱንም የሚያተርፈው ባዮጋዝ ነው። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች የተጀመረው በ2001 ዓ.ም ነው። እበት ከተመጣጣኝ ውኃ ጋር ተበጥብጦ ከመሬት በታች በተሠራ ጉልላት ውስጥ ይገባል፤ አየር በሌለበት ሲብላላ ሜቴን ይወጣል፣ በቱቦ ወደ ምድጃ ይሄዳል። የተብላላው ዝቃጭ ደግሞ ለጓሮ ጎመንና ለድንች ጥሩ ማዳበሪያ ነው። አየር ላይ ሊበተን የነበረው ሜቴን ወጥ ያበስላል። አራትና ከዚያ በላይ ላም በጋጣ ለሚቀልብ ቤተሰብ ይስማማል። ከሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብርድ ማብላላቱን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ እንደ ሱሉልታ ባለ ቦታ ጉድጓዱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበት፣ ለጋጣው ቅርብ በሆነ ስፍራ ቢሠራና ላዩ በጭድ ቢለበስ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የባዮጋዝ ነበልባል ለወጥና ለቡና ይበቃል እንጂ ለትልቅ ምጣድ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ላም ለሌለው ቤት ደግሞ የድንችና የጎመን ልጣጭ ከፌስታል ጋር ተጥሎ በቆሻሻ ክምር ሥር ሲበሰብስ ያው ሜቴን ይሆናል። ጓሮ ካለ ጉድጓድ ቆፍሮ ኮምፖስት ማድረግ፣ ከሌለ ላም ላለው ጎረቤት መስጠት ነው።

ባሕር ዛፍ፣ ጽድና ሜዳው

ባሕር ዛፍ ወደዚህ አገር የገባው በ1880ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነበር፤ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብም ነበር። ባሕር ዛፉ ከተማዋን አቆያት። በእንጦጦ ዳገት ከክብደታቸው የማይተናነስ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ማገዶ መቀነስ ስናወራ እነሱን መርሳት አይገባም፤ ሸክሙ ሲቀር እንጀራውም እንዳይቀር ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። እንጨት መሸከም ትተው ወደ ሽመና የገቡ የእንጦጦ ሴቶች ማኅበር መኖሩ እንደሚቻል ያሳያል።

ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ካርቦን የሚይዘው ግን የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ነው። በወላይታ ሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአመዛኙ አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን ከመሬት ሥር የነበሩ ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ ከከብት በመጠበቅ ነው፤ ኅብረተሰቡም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝቶበታል። በእኛም ዳገት ላይ የሀበሻ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይስማማሉ። ረግረጉ የሣር ሜዳ ግን ባሕር ዛፍም ቤትም ባይበዛበት ይመረጣል፤ እርጥብ የሣር መሬት በአፈሩ ውስጥ ብዙ ካርቦን ይዟል፣ ክረምት ላይም ውኃውን ይይዝልናል።

መኪናውን በአጭሩ

ከጥር 2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ እየበዛ ነው። መኪና ለሌለን አብዛኞቻችን ግን ትልቁ አስተዋጽኦ በሞላ አውቶቡስ መሄድ፣ ቅርቡን በእግር መሄድ ነው። በሱሉልታ አየር ሯጮች ከሩቅ መጥተው ይለማመዱበታል፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት በእግራቸው ቢሄዱበት ምንም አይጎዱም።

ለእናቴ የሰጠኋት መልስ

እናቴን “አጥፍተሻል” አላልኳትም፤ አላጠፋችምም። ዓለምን ያሞቁት ከእኛ እጅግ ብዙ ያቃጠሉ አገሮች ናቸው። ነገር ግን እኛ ቤት ልቀቱን የሚቀንሰው ነገር ሁሉ ሌላ ነገርም ይጨምርልናል። ምጣዱ ሳንባ ያድናል፣ ምድጃው ገንዘብ ያተርፋል፣ ድርቆሹ ወተት ይጨምራል፣ ባዮጋዙ ለመሬቱ ምግቡን ይመልሳል። የአየር ንብረቱ ጉዳይ ባይኖር እንኳ ልናደርገው የሚገባ ነው። ልጄም በደብተሯ ላይ ይህንኑ በራሷ አማርኛ ጻፈችው።

ሁሉን በአንድ ጊዜ መጀመር አያስፈልግም። ለዚህ ወር አንድ ነገር ምረጡ፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጨምሩ። ዛሬ ማታ ግን አንዱን ሳታሳድሩ አድርጉት፤ በመኝታ ቤታችሁ የተያያዘ ከሰል ካለ ወደ ውጭ አውጡት፣ ልጆቹንም አንድ ጋቢ ጨምሩላቸው።